የሳልፔትሪየሩ መምህር፤ ዣን ማርቲን ሻርኮና ደቀ መዛሙርቱ

የመምህር ሥራ በሁለት ሚዛን ይመዘናል። አንደኛው ሚዛን መምህሩ ራሱ ያወቀውና ያስተማረው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ በፊቱና ከእርሱም በኋላ ሊያዩትና ሊናገሩት የቻሉት ነው። በመጀመሪያው ሚዛን ከብደው በሁለተኛው የቀለሉ መምህራን በታሪክ ውስጥ ጥቂቶች አይደሉም። በ19ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ያስተማረውና የነርቭ ሕክምናን ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ያደረገው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርቲን ሻርኮ በሁለቱም ሚዛኖች ሊመዘን የሚገባው ሰው ነው። ስለ ነርቭ በሽታዎች ያገኘው ዕውቀት እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። በዘመኑ ግን ከሁሉ ይልቅ ስሙን ያስጠራው ትምህርቱ፣ እርሱ በሞተ በጥቂት ዓመት ውስጥ ፈረሰ። አንድ ሰው፣ በአንድ ሆስፒታል፣ በዚያው በአንድ ዓይኑ እየተመለከተ፣ በአንዱ ጉዳይ እውነትን ሲያገኝ በሌላው እንዴት ሳተ? ይህ ጥያቄ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም፤ በሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያስተምረውን ሁሉ ይመለከታል።

ሻርኮ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በኖቬምበር 29 ቀን 1825 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተመለከቱ ናቸው። አባቱ ሠረገላ ሠሪ ነበር። አራት ወንዶች ልጆች ስለ ነበሩትና ገቢው ሁሉንም በከፍተኛ ትምህርት ለማሳደግ ስላልበቃ፣ በትምህርቱ ከወንድሞቹ የበለጠው ዣን ማርቲን ወደ ሕክምና ተላከ ይባላል። ልጁ ዝምተኛና ዓይነ አፋር ነበር፤ ከመናገር ይልቅ ሥዕል መሳል ይቀናው ነበር። መንገዱም ያለ መሰናክል አልነበረም። በሆስፒታሎች ተለማማጅ ሐኪም ለመሆን የሚሰጠውን ፈተና ያለፈው በሁለተኛው ሙከራ በ1848 ነው። በ1853 ሥር የሰደደ ቁርጥማት ከሪህ የሚለይበትን ምልክት መርምሮ በጻፈው ድርሰት የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። በሕክምና ፋኩልቲ ለማስተማር የሚያበቃውን ውድድር በ1857 ወድቆ በ1860 አለፈ።

ሳልፔትሪየር የሚባለው ሆስፒታል ስሙን ያገኘው ለባሩድ የሚሆን ጨው ይዘጋጅበት ከነበረው ከአሮጌው ሥራው ነው። በ1656 ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የድኾች ማኖሪያ እንዲሆን ካዘዘ ወዲህ፣ ፓሪስ ልታያቸው ያልወደደቻቸውን ሴቶች ሁሉ ሰበሰበ። ለማኞች፣ ጧሪ ያጡ አሮጊቶች፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ አእምሮአቸው የታወከባቸውና ሽባ የሆኑት ሁሉ በዚያ ይኖሩ ነበር። ከ1795 ጀምሮ ሐኪሙ ፊሊፕ ፒኔል በዚህ ሥፍራ የአእምሮ ሕመምተኞችን ከሰንሰለት ይልቅ በርኅራኄና በሥርዓት መያዝን አስተምሮ ነበር። በሻርኮ ዘመን የነዋሪዎቹ ቍጥር ወደ 5,000 ይደርስ ነበር። ማዕርግ ፈላጊ ወጣት ሐኪሞች ግን ተረኛ ሆነው ሲመደቡበት ቶሎ ለመውጣት ይቸኩሉ ነበር፤ እዚያ የሚድን የለም፣ ስለዚህ የሚማሩበትም ነገር የለም ብለው ያስቡ ነበርና።

ሻርኮ የተመለከተው በሌላ መንገድ ነበር። ተለማማጅ ሳለ ወደዚህ ቦታ ተመልሶ መኖር እንደሚገባው ወስኖ ነበር ይባላል። በ1862 ከባልደረባው ከአልፍሬድ ቩልፒያን ጋር የሆስፒታሉ ሐኪም ሆኖ ሲሾም፣ ሁለቱ ክፍል ለክፍል እየዞሩ የእያንዳንዷን ሕመምተኛ ታሪክ መጻፍ ጀመሩ። ለሌሎች መጣያ የነበረው ቦታ ለእርሱ ሕያው ሙዚየም ሆነ። አንዲት ሕመምተኛ ለ5 ወይም ለ10 ዓመት በዓይኑ ሥር ትኖር ነበር። እጇ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሯ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተበላሸ፣ እግሯ መቼ እንደ ከዳት በየጊዜው ይመዘገብ ነበር። በሞተችም ጊዜ አንጎሏና ኅብለ ሠረሠሯ በማይክሮስኮፕ ይመረመር ነበር። በሕይወት ሳለች የታየው ምልክት ከሞት በኋላ ከተገኘው ጉዳት ጋር እየተነጻጸረ በሽታው መለያና ስም ያገኝ ጀመር።

ይህ ሥራ የዓይን ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር። ሻርኮ አዲስ የገባችን ሕመምተኛ በፊቱ አስቀምጦ፣ ብዙም ሳይናገር፣ ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ የመመልከት ልማድ ነበረው። ከሰው ለመማርም አያፍርም ነበር። ጊዮም ዱሼን የሚባል፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያውን ይዞ ጡንቻ እየመረመረ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል የሚዞር፣ የፕሮፌሰርነት ወንበር የሌለው ሐኪም ነበር። ብዙዎች ሲንቁት ሻርኮ በሩን ከፈተለት፤ ኋላም በአደባባይ መምህሬ እያለ ይጠራው ነበር።

የትዕግሥቱን ፍሬ ለማየት የመንቀጥቀጥን ነገር መመልከት ይበቃል። ከእርሱ በፊት የሚንቀጠቀጡ ሕመምተኞች በአብዛኛው በአንድነት ይቈጠሩ ነበር። ሻርኮ ሁለት ዓይነት መንቀጥቀጥ መኖሩን አስተዋለ። በአንደኛው እጅ የሚንቀጠቀጠው በጭን ላይ ዐርፎ ሳለ ነው። በሁለተኛው ግን እጅ ሲያርፍ ጸጥ ይልና ብርጭቆ ለማንሣት ሲዘረጋ ይናወጣል፤ ወደ ብርጭቆው በቀረበ ቍጥርም ይብሳል። የመጀመሪያውን እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 በትንሽ መጽሐፍ ገልጾት ነበር፤ ሻርኮ በሽታው በዚያ ሰው ስም ይጠራ ዘንድ ስላሳሰበ፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የፓርኪንሰን በሽታ ይለዋል። ሁለተኛው መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሐኪሞች በአንጎልና በኅብለ ሠረሠር ላይ ተበታትነው የሚገኙትን የደረቁ ነጥቦች አይተዋቸው ነበር። ሻርኮ ግን በ1868 በሰጠው ትምህርት እነዚህን ነጥቦች ከሕያዋኑ ሕመምተኞች ምልክት ጋር አጋጠማቸው። ምልክቶቹም ሲዘረጉ የሚመጣው የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብሌን መወራጨትና ቃልን በክፍል እየቈረጡ መናገር ናቸው።

እንደዚሁም በ1869 ከደቀ መዝሙሩ ከአሌክሲ ዦፍሯ ጋር ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያመነምነውንና ሰውን እስከ መዋጥና እስከ መተንፈስ የሚከለክለውን በሽታ መረመረ፤ በ1874ም አምዮትሮፊክ ላተራል ስክለሮሲስ የሚለውን ስም ሰጠው። ጉዳቱ በኅብለ ሠረሠር ውስጥ እንቅስቃሴን በሚያዙት ነርቮች ላይ መሆኑን አሳየ። ፈረንሳውያን ይህን በሽታ እስከ ዛሬ በሻርኮ ስም ይጠሩታል። እርግጥ ነው፣ ሻርኮ ከእነዚህ በሽታዎች አንዱን እንኳ ሊያድን አልቻለም፤ ለአምዮትሮፊክ ላተራል ስክለሮሲስ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ዛሬም አልተገኘም። ዳሩ ግን ስም የሌለውንና ከሌላው ያልተለየውን በሽታ ማንም ሊያክመው አይነሣም። መለየት የመፈወስ መጀመሪያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በእነዚህ ምርምሮች ሁሉ ሻርኮን የሚቃወም አንድ የማይፈራ ምስክር ነበር፤ እርሱም የሞተው አካል ነው። መምህሩ ጉዳቱ እዚህ ነው ብሎ በሕመምተኛዋ አልጋ አጠገብ ቢናገር፣ ማይክሮስኮፑ አይደለም ሊለው ይችል ነበር። ኅብለ ሠረሠር ለፕሮፌሰር አያዳላም፤ ሹመትም ምረቃም አይፈልግም።

በመምህርነቱ ደግሞ ሻርኮ በዘመኑ አቻ አልነበረውም። የዓርቡ ትምህርት አስቀድሞ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነበር። በማክሰኞው ትምህርት ግን ቀድሞ ያላያቸው ሕመምተኞች ከተመላላሾች መካከል ይቀርቡለትና በተማሪዎቹ ፊት ጮኾ እያሰበ ይመረምራቸው ነበር፤ መጠራጠሩንም አይሸሽግም ነበር። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በልዩ ልዩ ቀለም ጠመኔ አንጎልን ይስል ነበር፤ በፋኖስ ብርሃን ሥዕሎችን ግድግዳ ላይ ያሳይ ነበር፤ የሕመምተኞችንም አካሄድና የፊት መዛባት ራሱ አስመስሎ ያሳይ ነበር። አንድ ጊዜ የሁለቱን መንቀጥቀጥ ልዩነት ከኋላ የተቀመጠው ሁሉ እንዲያየው፣ ረዣዥም ላባ የተሰካበትን ቆብ በሕመምተኞቹ ራስ ላይ አስደፋ። የላባው ጫፍ የእያንዳንዱን መንቀጥቀጥ ጠባይ ለአዳራሹ ሁሉ ገለጠ። መሣሪያ አጣሁ ለሚል መምህር ይህች ላባ ብዙ ትናገራለች።

ወሬውም በዓለም ስለ ተሰማ ከብዙ አገር ደቀ መዛሙርት መጡለት። ከሩስያ ቤኽቴሬቭ፣ ከሩማንያ ማሪኔስኮ፣ ከቪየና ሲግመንድ ፍሮይድ ከመጡት መካከል ነበሩ። ፍሮይድ ከኦክቶበር 1885 እስከ ፌብርዋሪ 1886 በሳልፔትሪየር ተምሮ የመምህሩን ትምህርት ወደ ጀርመንኛ ተረጐመ፤ በ1889 የተወለደውንም የመጀመሪያ ወንድ ልጁን ዣን ማርቲን ብሎ ሰየመው። ከፈረንሳውያኑም ፒየር ማሪ፣ ዦዜፍ ባቢንስኪ፣ ዢል ደ ላ ቱሬትና ፒየር ዣኔ ስማቸው የታወቀ ነው። ለትምህርት ሰዎች ይልቁን የሚያስደስተው የዴዚሬ ቡርንቪል ሥራ ነው። እርሱ በ1878 በሳልፔትሪየር የነርሶች ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረገ። ከ1879 ጀምሮም በቢሴትር ሆስፒታል፣ አእምሮአቸው ስላልጐለመሰ አይማሩም ተብለው የተተዉትን ልጆች ሰብስቦ በትምህርትና በእጅ ሥራ ያሳድጋቸው ነበር።

በ1882 የፈረንሳይ መንግሥት ለነርቭ ሥርዓት በሽታዎች የተለየ የፕሮፌሰርነት ወንበር አቋቁሞ ለሻርኮ ሰጠ። በዓለም የመጀመሪያው የነርቭ ሕክምና ወንበር ይህ ነው። በሚከተለው ዓመት የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። ዓይነ አፋሩ የሠረገላ ሠሪ ልጅ እነሆ የሳልፔትሪየር ቄሣር ተባለ። ሚኒስትሮችና አርቲስቶች በቤቱ ግብዣ ይታደሙ ጀመር። በሕክምና ፋኩልቲ ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚሾም የእርሱ ቃል ብዙ ክብደት ነበረው። በአገራችን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እንደሚባለው፣ በዚያ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እርሱን የሚቃወም ጠፋ።

በዚሁ ዘመን ነው ሻርኮ ወደ ሂስቴሪያ ምርምር በሙሉ ልቡ የገባው። በዚህ ስም የሚጠሩት ሕመምተኞች በድንገት ይወድቃሉ፤ እጅ እግራቸው ይደነዝዛል ወይም ሽባ ይሆናል፤ ነገር ግን ከሞት በኋላ ሲመረመሩ በአንጎላቸው ላይ አንዳች ጉዳት አይገኝም። ከጥንት ጀምሮ ይህ ከማኅፀን የሚመጣ የሴቶች በሽታ ነው ይባል ነበር፤ ሌሎችም አስመሳይነት ነው ብለው ይንቁት ነበር። ሻርኮ የእነዚህ ሰዎች ሥቃይ እውነተኛ መሆኑን አወጀ። ከ1885 ጀምሮም በባቡርና በሥራ ቦታ አደጋ ደንግጠው ሽባ የሆኑ ብርቱ ወንዶች ሠራተኞችን በተማሪዎቹ ፊት እያቀረበ፣ ሕመሙ የሴት ብቻ አለመሆኑን አሳየ። ድንጋጤና አሳብ ብቻቸውን የሰውን አካል ሊያስሩ እንደሚችሉ ማስተማሩ ትልቅ እውነት ነበር።

ስሕተቱ የመጣው ይህን ሕመም እንደ ሌሎቹ በጽኑ ሕግ ሊያስር በፈለገ ጊዜ ነው። ሕመምተኞቹን በሂፕኖቲዝም ያስተኛ ጀመር። በ1882ም ለሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ይህ እንቅልፍ ሦስት ደረጃዎች እንዳሉት፣ እነርሱም ድንዛዜ፣ እንደ ሐውልት መድረቅና በእንቅልፍ ልብ መንቀሳቀስ እንደ ሆኑ ገለጠ። ይህም የሚታየው በሂስቴሪያ ሕመምተኞች ላይ ብቻ ነው አለ። ብላንሽ ቪትማን የምትባል ወጣት ሕመምተኛ ሦስቱን ደረጃዎች አንድም ሳታጓድል በአዳራሹ ፊት ታሳይ ነበር። ሕዝቡም ተደነቀ፤ ጋዜጦችም ጻፉ።

ነገር ግን ሕመምተኞቹን አዘጋጅተው የሚያቀርቡት ረዳቶቹ ነበሩ። ሴቶቹ በአንድ ክፍል አብረው የሚኖሩ፣ አንዷ የሌላዋን ሁኔታ የምታይ፣ ፕሮፌሰሩ ምን እንደሚጠብቅ የሚሰሙ ነበሩ። ከቤልጅግ የመጣው የልዬዥ ፕሮፌሰር ዦዜፍ ዴልቤፍ ይህን ተመልክቶ፣ ሕመምተኞቹ የሚሆኑትን አስቀድመው የተማሩት መሆኑን ጻፈ። በናንሲ ከተማ ፕሮፌሰር የነበረው ኢፖሊት ቤርንሃይም ደግሞ የሂፕኖቲዝም ሥራ ሁሉ በሌላ ሰው አሳብ መመራት እንጂ የተለየ የነርቭ በሽታ እንዳልሆነ ተከራከረ። እርሱ ራሱ ካስተኛቸው ብዙ ሰዎች መካከል ሦስቱን ደረጃዎች አሟልታ ያሳየችው አንዲት ብቻ መሆኗን ጠቀሰ፤ እርሷም ሦስት ዓመት በሳልፔትሪየር የኖረች ነበረች። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር፤ የሳልፔትሪየር ሰዎች ግን የናንሲን ነቀፋ አልተቀበሉትም።

ሠዓሊው አንድሬ ብሩዬ በ1887 የሻርኮን ትምህርት በትልቅ ሸራ ላይ ሣለ። በሥዕሉ ሻርኮ ቆሞ ይናገራል፤ ብላንሽ በባቢንስኪ ክንድ ላይ ተደግፋለች፤ ደቀ መዛሙርቱ በተመስጦ ያዳምጣሉ። ከአዳማጮቹ በስተ ኋላ በግድግዳው ላይ፣ ከብላንሽ ፊት ለፊት፣ አንድ ሥዕል ተሰቅሎአል። ሥዕሉ በሂስቴሪያ የተያዘች ሴት ወደ ኋላዋ እንደ ቀስት ተለምጣ ያሳያል፤ የሣለውም የሻርኮ ደቀ መዝሙር ፖል ሪሼ ነው። እንግዲህ ተፈታኟ ዓይኗን ብታነሣ መልሱ በፊቷ ተጽፎአል። ፈተና ያወጣና ያረመ መምህር ሁሉ የዚህን ትርጕም ያውቀዋል። ተማሪ የመምህሩን ፊት አይቶ ሲመልስ፣ መምህሩም የገዛ ራሱን ድምፅ መልሶ ሲሰማ፣ ሁለቱም ዕውቀት የተገኘ ይመስላቸዋል። ይህ ማለት ብላንሽ አታላይ ነበረች ማለት አይደለም። ኋላ ስትጠየቅ፣ ሌላ ለመሆን ባለመቻላቸው እንጂ ማስመሰል እንዳልነበረ ተናገረች ይባላል። ከሻርኮ ሞት በኋላ በዚያው ሆስፒታል በፎቶግራፍና በራጅ ክፍል ሠርታ፣ በጨረሩ ተጐድታ በ1913 ሞተች።

ሻርኮ በኦገስት 16 ቀን 1893 ለዕረፍት በሄደበት በሞርቫን አውራጃ፣ በሴቶን ሐይቅ አጠገብ በ67 ዓመቱ ድንገት ዐረፈ። ፀሐፊው የነበረው ዦርዥ ጊኖን ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ጻፈው፣ ሻርኮ በመጨረሻው ዘመኑ የሂስቴሪያ ትምህርቱ እንደ ገና መታየት እንዳለበት አምኖ ነበር። ይህ እውነት ከሆነ፣ ቃሉ በአዳራሹ ፊት ሳይነገር ቀርቶአል።

ያልተፈጸመውን ሥራ የፈጸመው ባቢንስኪ ነው። ባቢንስኪ በ1892 ለፋኩልቲው መምህርነት ተወዳድሮ ወድቆ ነበር። የፈታኞቹ አለቃ ቀድሞ የሻርኮ ደቀ መዝሙር የነበረው፣ ኋላ ግን ተቀናቃኙ የሆነው ሻርል ቡሻር ነበርና፣ የታላላቆቹ ጠብ በታናሹ ላይ ወደቀ። ባቢንስኪ ግን በ1896 በጥቂት መስመሮች አንድ ምልክት ገለጠ። የሰው ውስጥ እግሩ በጭረት ሲነካ፣ አንጎሉ ወይም ኅብለ ሠረሠሩ የተጐዳ እንደ ሆነ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ በሂስቴሪያ ሽባ በሆነው ላይ ግን ይህ አይታይም። ይህን ምልክት ሕመምተኛው ሊማረው አይችልም፤ መምህሩም ሊያዘው አይችልም። በ1901ም ባቢንስኪ ሂስቴሪያ በሌላ ሰው አሳብ ሊመጣም ሊወገድም የሚችል ሁኔታ ነው ብሎ፣ በሥዕሉ ላይ ራሱ ቆሞ የሚታይበትን ትምህርት ሻረ። ዛሬ ሐኪሞች ከባቢንስኪም አልፈው ሄደዋል። ሂስቴሪያ የሚለውን ስም የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ከበሽታዎች መዝገብ አውጥቶታል፤ የሕመምተኞቹ ሥቃይ እውነተኛ መሆኑን ግን፣ ሻርኮ እንዳለው፣ ዛሬም ሐኪሞች ያምናሉ።

ባቢንስኪ መምህሩን ያረመው በመምህሩ መሣሪያ ነው። ዝም ብሎ መመልከትን፣ ማነጻጸርን፣ ምልክትን ከምልክት መለየትን የተማረው ከሻርኮ ነበር። ስለዚህ የእርማቱ ክብር ከፊሉ ለሻርኮ ነው፤ እርማቱ እስከ መቃብር መቈየቱ ግን የእርሱ ዕዳ ነው።

በ1898 በሳልፔትሪየር በር ላይ የሻርኮ የነሐስ ሐውልት ቆመ። በ1942 ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ሳለች ሐውልቱ ተወስዶ ቀለጠ። ሐውልቱ ቢቀልጥም ሻርኮ የለያቸውና ስም የሰጣቸው በሽታዎች በየሆስፒታሉ መዝገብ ይገኛሉ፤ የሚንቀጠቀጠውንም እጅ ዐርፎና ተዘርግቶ የሚመለከት ሐኪም ሁሉ የማክሰኞውና የዓርቡ ተማሪ ነው። ከሕይወቱ የሚገኘው ትምህርት ግን በሕክምና ቤት ተወስኖ አይቀርም። ሻርኮ በሁለቱም ሥራው ያው ብርቱ፣ ያው ትጉህ ሰው ነበር። ልዩነቱ በአንደኛው አይደለም የሚለው ምስክር መኖሩ፣ በሁለተኛው ግን በዙሪያው የቆሙት ሁሉ ራሳቸውን ነቅናቂዎች መሆናቸው ነው። የማክሰኞውን ዕለት ጥርጣሬውን ሳይሸሽግ ያስተማረው ያ መምህር፣ ተማሪዎቹም ጥርጣሬአቸውን በፊቱ እንዲናገሩ ዕድል ቢሰጣቸው ኖሮ፣ ባቢንስኪ በ1901 የተናገረውን በሕይወቱ ሳለ በሰማ ነበር።